ሥራው ለሰባት ወር፣ ጉድጓዱ ለዘለቄታው

በአይቮሪኮስት ከተሞች ከ2012 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት አንድ የተለየ ዕጣ ይወጣ ነበር። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ካልተጠቀሰ በስተቀር ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ ናቸው። የዕጣው ሽልማት መኪና ወይም ቤት ሳይሆን አካፋ ነበር። ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ይመዘገባሉ፤ ቀኑ ሲደርስ በሕዝብ ፊት ዕጣው ይወጣል። ዕጣው የደረሰው ሰው 25 ሰዎች ባሉት ጓድ ውስጥ ተመድቦ ለ7 ወራት ጎዳና ይጠርጋል፣ በአሸዋና በቆሻሻ የተደፈነ የውኃ መውረጃ ቦይ ይከፍታል፣ የተቦረቦረ መንገድ ይደፍናል። ሥራው በቀን 6 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። ክፍያው በቀን 2,500 ሴፋ ፍራንክ፣ ማለትም በብዙ የምዕራብ አፍሪካ ሀገሮች የጋራ ገንዘብ፣ ሲሆን በጊዜው ምንዛሪ 5 ዶላር ገደማ ይሆናል። ዕጣው ያልደረሰው ደግሞ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ወደ መጣበት ስንል ግን ወዴት ነው? የመንግሥታት መግለጫና የአበዳሪዎች ሰነድ መልሱን ከጥያቄው በፊት ያውቁታል። ወጣቱ የመጣው ከሥራ አጥነት ነው፤ ከሰፈር ጥግ፣ ከድንጋይ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ አላፊ አግዳሚውን ከማየት። ስለዚህ አካፋ የያዘ ሁሉ «የሥራ ዕድል የተፈጠረለት» ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ቆጠራ ለማወቅ ምዕራብ አፍሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በየዓመቱ መጨረሻ በየክልሉና በየከተማ አስተዳደሩ ሪፖርት ሲነበብ እንሰማዋለን። እኔ ይህን ቆጠራ አላምነውም። ያላመንኩትም ሪፖርት አቅራቢዎቹን ስለምጠረጥር ብቻ አይደለም። ከዚያ የአይቮሪኮስት ዕጣ የተገኘው ማስረጃ ራሱ የቆጠራውን መነሻ ስለሚያፈርሰው ነው።

ወደ ማስረጃው ከመድረሳችን በፊት ግን አካፋው ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል። የምዕራብ አፍሪካ ከተሞች የጎዳና ሥራ ታሪክ ከመሐንዲስ ጠረጴዛ ይልቅ ከአደባባይ ረብሻ ጋር ይቀራረባል።

በፌብሩዋሪ 1988 ሴኔጋል ውስጥ ምርጫ ተካሄደ። ፕሬዚዳንት አብዱ ዲዩፍ ማሸነፋቸው ሲገለጽ ዳካር በተቃውሞ ተናወጠች፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ዋናው ተቀናቃኝ አብዱላይ ዋድ ታሰሩ። መንገድ ላይ የወጡት በአብዛኛው የከተማዋ ወጣቶች ነበሩ። ጊዜው መዋቅራዊ ማስተካከያ በሚባለው የአበዳሪዎች መርሐ ግብር ምክንያት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅጥር ያቆሙበት፣ ዲፕሎማ የያዘ ወጣት በር የሚያንኳኳበት ዘመን ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1989፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ አጄቲፕ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ዓላማው መንገድ ማንጠፍ፣ ቦይ መቆፈር፣ ትምህርት ቤት ማደስና ይህንንም ብዙ የሰው ጉልበት በሚጠይቅ መንገድ ማድረግ ነበር።

የድርጅቱ ሙሉ ስም ረጅም ቢሆንም መጨረሻው ላይ ያለችው ሐረግ ትኩረት ትሻለች። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በቂ ሥራ አለማግኘትን የሚከላከል የሕዝብ ጥቅም ሥራዎች ማስፈጸሚያ ድርጅት» እንደ ማለት ነው። ስያሜውን ያወጡት ሰዎች «ሥራ አጥነት» አላሉም። የዳካር ወጣት ጨርሶ ሥራ የሌለው ሳይሆን ሥራው የማይበቃው፣ የሚቆራረጥበትና ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ሰው እንደሆነ ያኔ ገብቷቸው ነበር። በኋላ ሐሳቡ ወደ ጎረቤት ሀገሮች ሲሻገር ይህች ሐረግ መንገድ ላይ የወደቀች ይመስለኛል። ማሊ፣ ኒጀር፣ ቤኒን፣ ሞሪታኒያ ተመሳሳይ ድርጅት አቋቋሙ። ቡርኪና ፋሶም የራሷን አቁማ ፋሶ ባራ አለችው፤ «ባራ» በዲዩላ ቋንቋ ሥራ ማለት ነው። ሥራ፣ ያለ ምንም ቅጽል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይደጋገማል። ላይቤሪያ የእርስ በርስ ጦርነቷ በ2003 ካበቃ ከ5 ዓመት በኋላ የምግብ ዋጋ ንረት ሲመታት 17 ሺህ ሰዎች ለ40 ቀናት በቀን 3 ዶላር እየተከፈላቸው መንገድና ሰፈር እንዲያጸዱ ተደረገ። አይቮሪኮስትም ወደዚህ ሥራ የገባችው ከ2010ሩ ምርጫ በኋላ የተነሣው ግጭት ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጅቶ፣ ሥልጣን አልለቅም ያሉት ፕሬዚዳንት ሎራን ባግቦ በኤፕሪል 2011 ከተያዙ በኋላ ነው። ሴኔጋል ራሷ ደግሞ ተመልሳ መጣች። በማርች 2021 የተቃዋሚው መሪ ኡስማን ሶንኮ መታሰር ዳካርን ለቀናት በእሳትና በድንጋይ ሲያናውጣት፣ ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ለወጣቶች ሥራ በ3 ዓመት 450 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ እንደሚወጣ አስታወቁ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 65 ሺህ ወጣት እንዲቀጠር ታቀደ፤ ከሥራዎቹ መካከል ጎዳና ማንጠፍ፣ ከተማ ማጽዳትና ችግኝ መትከል ይገኙበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጁን 2023፣ ዳካር እንደገና ነደደች። በማርች 2024 ደግሞ የመራጩ ሕዝብ ድምፅ የማኪ ሳልን ወገን ከሥልጣን አወረደ። እንግዲህ የተነጠፈው ድንጋይ የተወረወረውን አላስቀረውም።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ሊል ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የከተማ ወጣት ጉዳይ እንዴት በድንገት የመንግሥት ቀዳሚ አጀንዳ እንደሆነ፣ ጥቃቅንና አነስተኛ የሚለው ስም እንዴት በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈ ያስታውሳልና። ኮብልስቶን የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ የተጀመረው የድንጋይ ንጣፍ ከተማ ከተማውን አዳርሶ፣ የመዶሻና የመሮ ድምፅ የሰፈር ማለዳ ድምፅ ሆነ። «ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ጠረባ» የሚለው ክርክር ያኔ ቤት ለቤት ይካሄድ ነበር። ክርክሩ ግን ስለ ክብር ነበር፣ ሥራው ለተመራቂ ይመጥናል አይመጥንም እየተባለ። ያ ወጣት መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት ባለው ወር ምን ይሠራ እንደነበር የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

በአይቮሪኮስት ትልቋ ከተማ በአቢጃን ግን ይህ ተጠየቀ። ዕጣው ለፍትሕ ብቻ የተዘጋጀ አልነበረም። ከዓለም ባንክና ከዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ተመራማሪዎች ዕጣው የደረሰውንና ያልደረሰውን ጎን ለጎን እንዲከታተሉም ያገለግል ነበር። ሁለቱን የለያቸው ዕድል ብቻ ስለሆነ፣ በኋላ በኑሯቸው ላይ የሚታየው ልዩነት የሥራው ውጤት ነው ማለት ይቻላል። በጠቅላላው ከ12 ሺህ በላይ ወጣቶች፣ በ16 አካባቢዎች፣ በተለያዩ ዙሮች በዚህ ሥራ አልፈዋል።

የመጀመሪያው ግኝት ዕጣው ስላልደረሳቸው ወጣቶች ነው፤ እጅግ የሚበዙት ሥራ ላይ ነበሩ። አንዱ ገበያ ውስጥ ሸክም ያወርዳል፣ አንዱ የስልክ ካርድ ይሸጣል፣ አንዱ በግንበኛ ሥር ሲሚንቶ ያቦካል፣ ሌላው ጋራዥ ውስጥ ያለ ደመወዝ ሙያ ይለምዳል። ሥራቸው ውል የለውም፤ ዛሬ ኖሮ ነገ ሊቀር ይችላል፤ ገቢው ያሳፍራል፤ ሥራ መሆኑ ግን አይካድም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሥራ ያላቸውን ሰዎች ቁጥር የጨመረው በጥቂቱ ነው። በጉልህ የለወጠው የሥራውን ዓይነት ነው፤ ከተቆራረጠው የቀን ገቢ ወደ ወር ደመወዝ አሻገራቸው።

ሁለተኛው ግኝት ከዚህ ይከተላል። በወር 22 ቀን የሠራ ሰው 55 ሺህ ሴፋ ፍራንክ ያገኛል። ዕጣው ካልደረሰው ጓደኛው ጋር ሲነጻጸር ግን ገቢው የጨመረው ከዚህ ከግማሽ ባነሰ መጠን ነበር። ቀሪው የት ገባ? ወደ ጎዳናው ለመምጣት ትቶት በመጣው ሥራ ያገኘው የነበረው ገቢ ነው። መንግሥት 55 ሺህ ከፍሎ ለቤተሰቡ የደረሰው ጭማሪ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው ማለት ነው። አንድ የቆየ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እምነትም እዚህ ላይ ተሰናክሏል። ደመወዙ ዝቅ ካለ የሚመጣው የባሰበት ድሃ ብቻ ይሆናል፣ ሥራው ራሱ ድሃውን ይመርጥልናል ይሉ ነበር። በአይቮሪኮስት ከተሞች ግን ፕሮግራሙ የከፈለው ሕጋዊው ዝቅተኛ ደመወዝ መደበኛ ባልሆነው ገበያ ውስጥ የተሻለ ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ የባሰበትም ያልባሰበትም እኩል ተመዘገበ።

ከዚያስ? ሥራው ካበቃ ከ12 እስከ 15 ወራት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ጠየቁ። በሥራ ማግኘትም በሥራ ዓይነትም ዕጣው በደረሳቸውና ባልደረሳቸው መካከል ልዩነት አልተገኘም። ከ7 ወሩ ሥራ ጎን ለጎን ለተወሰኑት የንግድ ሥልጠና፣ ለሌሎቹ የሥራ ፍለጋ ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር፤ እሱም ሥዕሉን ብዙ አልቀየረውም። መጠነኛ የገቢ ጭማሪ ቀርቶላቸዋል፣ በተለይ በራሳቸው ንግድ። ደመወዙ በባንክ ሒሳብ ይገባ ስለነበርም ሥራው ላይ ሳሉ የቆጠቡት ገንዘብ ከፍ ብሏል፤ በሕይወታቸው የሚሰማቸው እርካታና መረጋጋትም እንዲሁ።

ብዙ ሰው ይህን አንብቦ «እንግዲህ ከንቱ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። በቆጠራው መለኪያ ከለካነው እውነትም ከንቱ ነው፤ የተፈጠረ ሥራ የለምና። እኔ ግን የከሸፈው መለኪያው ነው ባይ ነኝ። ድሮም ሥራ ፈት ያልነበረን ሰው ሥራ ሰጠነው ብሎ መቁጠር ቀድሞ የተሳሳተ ሒሳብ ነው። ጎዳናው ላይ የቆመው ሰው ከአንድ ጊዜያዊ ሥራ ወደ ሌላ የተሻገረ ሠራተኛ ነው፤ ሠራተኛ ደግሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ስንት ይከፈለኛል? መቼ ይከፈለኛል? ነገ ይኖራል? ለከተማዋም ጥያቄው ሌላ ነው። ቦዩ ክረምቱን ይዞ ይዘልቃል ወይ?

በዚህ ላይ አዲስ አበባ ያስተማረችው ነገር አለ። በ2017 በከተማዋ የተጀመረውና ብዙዎች በአጭሩ ሴፍቲኔት የሚሉት የአካባቢ ልማት ሥራ መጀመሪያ በተወሰኑ ወረዳዎች፣ በኋላ በሌሎቹ እንዲስፋፋ ሲደረግ ቅደም ተከተሉ በዕጣ ነበር። እዚህም የታየው የመጀመሪያ ነገር ከአይቮሪኮስቱ ጋር አንድ ነው፤ ተጠቃሚዎቹ በግል ይሠሩ የነበረውን ሥራ ቀነሱ። አቢጃን ላይ ይህ እንደ ኪሳራ ተቆጠረ፤ መንግሥት የከፈለው ገንዘብ ፈሰሰ እንደ ማለት። የአዲስ አበባው ጥናት ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ጠየቀ። እነዚህ ሰዎች ከቀን ሥራ ገበያው ሲወጡ፣ ገበያው ውስጥ የቀሩት ምን ሆኑ? ሰው ሲያንስ ደመወዝ ይወደዳል። ሥራው በሁሉም ወረዳ ሲዳረስ የግል ደመወዝን 18.6 በመቶ እንደሚያሳድገው ተመራማሪዎቹ አሰሉ። ጽዳቱና ጎዳናው ለሰፈሩ የጨመረው ጥቅምም ተደምሮ ሲታይ፣ ድሆች ያገኙት ጥቅም በቀጥታ ከተከፈላቸው ብቻ ከሚገመተው 6 እጥፍ ሆነ። በአቢጃን «ትቶት የመጣው ሥራ» ተብሎ የተቀነሰው ያው ነገር፣ አዲስ አበባ ላይ ለሌላው የቀን ሠራተኛ የደመወዝ ጭማሪ ሆኖ ተገኘ። በሪፖርቱ ውስጥ ሥራ የተፈጠረለት ተብሎ ያልተቆጠረው ሰው ከተጠቀሙት አንዱ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎዳናው እንውረድ፤ ስለ ደመወዝ ብቻ እያወራን ስለ ድንጋዩ ምንም ሳንል ቀረን።

ከቶጎዋ ሎሜ እስከ ቤኒኗ ኮቶኑ ባለው የባሕር ዳርቻ መሬቱ አሸዋ ነው። እንደ እኛ ደጋ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ በየጓሮው አይገኝም። ስለዚህ ጎዳና የሚነጠፈው በኮንክሪት ጡብ ነው፤ በቅርጽ ማውጫ ተቀርጾ፣ በውኃ እየረጠበ ሰንብቶ፣ በጭነት መኪና ይመጣል። አሠራሩን ኮብልስቶን ሲነጠፍ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። መጀመሪያ የላላው አፈር ይነሣል። ቀዩ የላተራይት አፈር ይፈስሳል፣ እየረጠበ ይጠቀጠቃል፤ ይህ አፈር በምዕራብ አፍሪካ መንገድ ሁሉ ያለ ነው፣ ሲደርቅ ልብስ ያቀላል፣ ሲርስ ይጨማለቃል። በሁለቱ ጠርዝ ጡቡን የሚደግፍ ኮንክሪት ይተከላል። ከዚያ ጥቂት ሳንቲ ሜትር አሸዋ ተደልድሎ በዱላ ይስተካከላል፤ በመጨረሻም አንጣፊው በርከክ ብሎ ጡቡን አንድ በአንድ ያጋጥማል። ከኋላው ሌላው ሰው በመገጣጠሚያዎቹ አሸዋ ይጠርጋል፤ መጠቅጠቂያው ማሽን እየተንቀጠቀጠ ያልፋል። አንጣፊው የሚሠራው ጎንበስ ብሎ ወይም ተንበርክኮ ስለሆነ ከሁሉ በፊት የሚያልቀው ጉልበቱና ወገቡ ነው።

በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ እንጀራ ይዟል። ኢትዮጵያ ውስጥ እያንዳንዱ ድንጋይ በሰው እጅ ይጠረባል። አንድ ካሬ ሜትር ጎዳና ከአንጣፊው በፊት ፈላጩን፣ ጠራቢውን፣ በባሬላ የሚያጓጉዘውን ያበላል። በኮንክሪቱ ጡብ ግን የጠራቢው ሥራ ወደ ማሽን ይገባል፤ ለጎዳናው የሚቀረው አንጣፊውና ረዳቶቹ ናቸው። ከዚህ ጋር አስፋልት ሲነጻጸር ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ ሬንጁም ማሽኑም ባብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ መጣበት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በጉልበት ላይ የተመሠረተ የመንገድ ሥራ በማሽን ከሚሠራው ከ2 እስከ 5 እጥፍ የሚበልጥ የሥራ ቀን እንደሚያስገኝ ሲከራከር ቆይቷል። ይህን አልጠራጠርም። የሥራ ቀን እንጂ ሥራ አለመሆኑን ብቻ ልብ ይሏል።

ቤኒን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከ2018 ገደማ ጀምሮ ኮቶኑን፣ ፖርቶ ኖቮን፣ ፓራኩን ጨምሮ በ9 ከተሞች ትልቅ የጎዳና ግንባታ ተካሂዷል። ስሙ አስፋልት ማልበስ የሚል ነው፤ ከጎዳናዎቹ ብዙዎቹ ግን በጡብ የተነጠፉ ናቸው። ሥራውን የወሰዱት ትልልቅ ተቋራጮች ሲሆኑ፣ ከእነሱ በታች ያለውን ሰንሰለት የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ምዕራብ አፍሪካ ሁሉ በአንድ ስም ይጠራዋል፣ ታሽሮን። ታሽሮን ከተቋራጩ ላይ ሥራውን ቆርጦ ይወስዳል፤ ይህን ያህል ሜትር ንጣፍ በይህን ያህል ገንዘብ። ከዚያ የራሱን ሰዎች ከሰፈሩ፣ ከዘመዱ፣ ከአገሩ ልጅ ይሰበስባል። ቢሮ የለውም፤ ያለው ስልክ ቁጥርና ስም ነው። የእኛ ሰዎች ካፖ የሚሉትን በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡና፣ ትርፍና ኪሳራውን በራሱ ላይ ጨምሩበት፤ ታሽሮን ማለት እሱ ነው።

ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ ገንዘብ ወደ አንጣፊው ኪስ ለመድረስ በእነዚህ እጆች ሁሉ ያልፋል። ከላይ አንዱ ሲዘገይ ከታች ያለው ይራባል። አጄቲፕ በዘጠናዎቹ ዓመታት ስሙ የገነነው በመንገዱ ጥራት ብቻ አልነበረም፤ ለትንንሽ ተቋራጮች በወራት ሳይሆን በቀናት ውስጥ ይከፍል ስለነበር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያልሆነ፣ የራሱ ሒሳብ ያለው ድርጅት ሆኖ የተቋቋመበት ዋና ምክንያትም የፊርማውን ሰልፍ ለመዝለል ነበር። የጋናን ታሪክ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። ጋና ከሰማንያዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጉልበት መንገድ የሚሠሩ ትንንሽ ተቋራጮችን አሠልጥና፣ ትራክተርና መጠቅጠቂያ በብድር ሰጥታ ለአፍሪካ ምሳሌ የተባለ ሥራ ጀምራ ነበር። ሥልጠናው ጥሩ፣ መንገዱም ጥሩ፣ ክፍያው ግን የዘገየ። ተቋራጩ ለሠራተኛ መክፈል ሲያቅተው ሠራተኛው ወደ እርሻው ወይም ወደ ገበያው ይመለሳል፤ ማሽኑ ይቆማል፣ ብድሩ ግን አይቆምም።

የሠራተኛን ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ ስጡት የሚለው ነቢያዊ ቃል ከዳካር እስከ ሐረር ይታወቃል። በመስጊድ የሚነገረው በግምጃ ቤቱ መስኮት በኩል አይሰማም መሰለኝ። ለአንድ የቀን ሠራተኛ የክፍያ መዘግየት የሒሳብ አያያዝ ጉዳይ አይደለም። ሦስት ሳምንት የዘገየ ደመወዝ ማለት ከሰፈር ሱቅ በዱቤ የተወሰደ ሩዝ፣ ዱቤው ሲበዛ ደግሞ ሱቁን ላለማየት የሚመረጥ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ማለት ነው። የአይቮሪኮስቶቹ ወጣቶች የተሻለ መረጋጋት የተሰማቸው ሥራ ስላገኙ ብቻ አይመስለኝም፤ ድሮም ሥራ ነበራቸውና። ወር ሲያልቅ የሚመጣ፣ በባንክ የሚገባ፣ ለማንም የማይለመን ገንዘብ በሕይወታቸው ለ7 ወራት ስለኖረ ነው። ለዚህ ነው ስለ እነዚህ ሥራዎች ሪፖርት ሲቀርብ ከወጣቱ ቁጥር ይልቅ ሥራው በተሠራበትና ደመወዙ በተከፈለበት ቀን መካከል ያለውን ርቀት ማየት የምመርጠው። እስከማውቀው ድረስ ይህን ርቀት የሚያቀርብ ሪፖርት ብርቅ ነው።

የቀረው ጥገና ነው። የተነጠፈ ጡብ ከአስፋልት የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የውኃ ቱቦ ሲፈነዳ ጡቡን አንሥቶ፣ ቱቦውን ጠግኖ፣ ያንኑ ጡብ መልሶ ማንጠፍ ይቻላል። ሁለት ሰው፣ አንድ ቀን፣ ጥቂት አሸዋ። በተግባር ግን ቱቦውን የቆፈረው መሥሪያ ቤት ሌላ፣ ጎዳናውን ያነጠፈው ሌላ ነው፤ ጡቡ ተከምሮ ይቀራል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ለደረጃ፣ ለአትክልት አጥር፣ ለምድጃ ጉልቻ ይሄዳል። የተከፈተው ጠርዝ ዝናብ ሲያገኝ ሥሩ ያለው አሸዋ ይታጠብና ጎረቤቱን ጡብ ይዞት ይወርዳል። በአዲስ አበባ ሰፈሮችም ያየነው ይኸው ነው፤ ለኮብልስቶን ማንጠፊያ በጀት ነበር፣ ለመመለሻው ግን በጀትም ባለቤትም አልነበረም። የምዕራብ አፍሪካ የጉልበት ፕሮግራሞች ገንዘብ የሚመጣው ለአዲስ ሥራ ነው። አዲስ ሥራ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ለተነቀለ ጡብ ሪባን የሚቆርጥ ሚኒስትር እስካሁን አልሰማሁም።

ይህ ክፍተት ደግሞ የራሱን ሠራተኞች ወልዷል። ናይጄሪያ፣ ጋና ወይም ሴራሊዮን ውስጥ በመኪና የሄደ ሰው አይቷቸዋል። አስፋልቱ ተቦርቡሮ መኪናው ፍጥነት በሚቀንስበት ቦታ ላይ ሦስት አራት ወጣቶች አካፋና ባልዲ ይዘው ቆመዋል። ጉድጓዱን በቀይ አፈርና በስባሪ ድንጋይ ሞልተውታል፤ አንዳንዶቹ በመንገዱ ላይ ገመድ ይዘረጋሉ፣ መኪናው ሲቀርብ ገመዱን ያላላሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው የላብ ዋጋ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሳንቲም ይወረውራል፣ አንዳንዱ ጥሩንባ እየነፋ ያልፋል። ጉድጓዱን ሌሊት የሚቆፍሩት ራሳቸው ናቸው እያለ የሚያማቸውም አይጠፋም። በእኛም የገጠር መንገዶች ላይ እንዲሁ የሚያደርጉ ልጆች አሉ።

እነዚህን ወጣቶች ማንም አልቀጠራቸውም፤ ዕጣ አልወጣላቸውም፤ በየትኛውም የሥራ ዕድል ሪፖርት ውስጥ ስማቸው የለም። ደመወዛቸው ላባቸው ሳይደርቅ፣ እዚያው መኪናው እንደቆመ ይከፈላል። ክረምት በገባ ቁጥር አፈሩ ታጥቦ ይሄዳል፤ ማለዳ ተመልሰው ያንኑ ጉድጓድ ይሞሉታል። ባሕር ዳርቻው ላይ ደግሞ ዝናቡ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ፣ ከዚያም ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ይዘንባል። በምዕራብ አፍሪካ ጎዳና ላይ ቋሚ ሥራ አለው ሊባል የሚችል ሰው ካለ፣ ባልዲውን ይዞ እዚያ ጉድጓድ ዳር የቆመው ነው።